ዘጠና ስድስት በሙሉ ድምፅ መቶ ሆኖ ስለጸደቀበት ስብሰባ

ወላይታ ሶዶ
ሰኞ፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር የስድስቱ ትምህርት ቤቶች የጋራ ሞዴል ፈተና አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት ጤናዎ የተሟላ፣ የደም ግፊትዎ የተረጋጋ፣ የቢሮዎ መብራት ያልጠፋ፣ የማህተምዎም ቀለም ያልደረቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለምክትልዎ፣ ለጸሐፊዎ፣ እንዲሁም በርዎ ላይ ቆመው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ለሚሉን ትዕግሥተኛ ጥበቃ ጭምር ሰላምታዬ ይድረስ። ስለ እኔ ከጠየቁ፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና ደኅና ነኝ፤ ካለፈው ሐሙስ ወዲህ እህል አልወርድ ከማለቱ፣ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ድምፁን ከማጥፋቴ፣ በኦቶና በኩል ባለው ቤታችን በር ላይ ባጃጅ ሲቆም ልቤ ከመሰቀሉ በስተቀር ምንም አልሆንኩም።

ስሜ ተክለጻድቅ ዳልጮ ይባላል፤ ኮሚቴዎ ከሚያስተባብራቸው ስድስት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነኝ። ከሁሉ አስቀድሞ ፈሪ ሰው መሆኔን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ይህን የምለው ወደ ታች ሲያነቡ ድፍረት የሚመስል ነገር ቢያጋጥምዎ በስህተት የገባ መሆኑን ተረድተው እንዳይቀየሙኝ ነው። የፍርሃቴ ምክንያትም ስውር አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቄ፣ በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ደርሶኝ ቤሌ ስድስት ዓመት አስተምሬአለሁ። ቤሌ ደግ ከተማ ነው፣ ሰዉም ተማሪውም ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቴ የትምወርቅ በሶዶ፣ እኔ በቤሌ ሆነን፣ የመጀመሪያ ልጃችን እኔን «የቅዳሜው ሰውዬ» እያለች ነው አፏን የፈታችው። ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም፤ እጄን የማወጣው ለድጋፍ ብቻ ነው።

ደብዳቤው ግልጽ እንደመሆኑ ጉዳዩን የማያውቅ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል፣ እርስዎ የሚያውቁትን ደግሜ በማስረዳቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች የፊታችን እሑድ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ይገባሉ። ከእነርሱ መካከል ባለፈው ዓመት ሳይሳካላቸው ቀርቶ ዘንድሮ እንደገና የሚፈተኑ አሉ። ማንም ተፈታኝ ግቢውን የሚረግጠው አድሚሽን ካርዱን ሲያሳይ ነው፤ የድጋሚ ተፈታኞች ካርድ ደግሞ የሚገኘው በእርስዎ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው። ኮሚቴዎ በግንቦት መጨረሻ ሃምሳ ጥያቄ ያለው፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ነጥብ የሚያዝበት የሒሳብ ሞዴል ፈተና ለስድስቱም ትምህርት ቤቶች ሰጠ። ከዚያም በሞዴሉ ከሃምሳ በታች ያመጣ ድጋሚ ተፈታኝ ካርዱ እንዳይሰጠውና በምትኩ ፈተናውን በራሱ ፈቃድ ለከርሞ ማስተላለፉን የሚገልጽ ቅጽ እንዲፈርም ወሰነ። ምክንያቱንም በግልጽ ነግረውናል፤ ደካማ ድጋሚ ተፈታኝ ካልተፈተነ አይወድቅም፣ ካልወደቀ ደግሞ የትምህርት ቤቶቻችንን የማለፍ ፐርሰንት አይጎትትም። ትምህርት ቤትን ከተማሪ የመጠበቅ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሙያ ዘመኔ አይቼ ስለማላውቅ በቅድሚያ ለዚህ አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ እገባለሁ።

፩ኛ. የመጀመሪያው ቅሬታዬ አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ ይመለከታል። ጥያቄው፣ የአንድ መሬት ርዝመት በሃያ በመቶ ቢጨምርና ወርዱ በሃያ በመቶ ቢቀንስ ጠቅላላ ስፋቱ ምን ይሆናል የሚል ነበር። ሒሳብ የማይወድ አንባቢ እንዳይደነግጥ በቀላሉ ላሳየው፤ ርዝመቱ አሥር ሜትር ወርዱም አሥር ሜትር የሆነ ቦታ መቶ ካሬ ሜትር ነው። ርዝመቱ አሥራ ሁለት፣ ወርዱ ስምንት ሲሆን፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ስምንት ዘጠና ስድስት ነው። ስለዚህ ስፋቱ በአራት በመቶ ይቀንሳል፤ ትክክለኛው ምርጫም ቢ ነው። ኮሚቴዎ ታሽጎ የላከልን፣ ትክክለኛ መልሶች የተዘረዘሩበት፣ በእርስዎ ማህተም የተረጋገጠው የማረሚያ ወረቀት ግን መልሱ ሲ ነው ይላል፤ ሲ ደግሞ «አይለወጥም» የሚለው ምርጫ ነው። ሃያ ጨምሮ ሃያ መቀነስ ተጣፍቶ ይቀራል ብሎ ማሰብ የሰው ልጅ ሁሉ ስህተት ስለሆነ በዚህ አልፈርድም፤ እኔም ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ እንደዚያው አስቤ በኩርኩም ታርሜአለሁ። ልዩነቱ እኔን የኮረኮመኝ መምህር ማህተም አለመፍራቱ ነው።

በእኛ ትምህርት ቤት ከተፈተኑት መቶ ሰማንያ ስድስት ተማሪዎች ቢን ያጠቆሩት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ዘጠኙንም በማረሚያ ወረቀቱ መሠረት በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ። ስሰርዝ ትክክል መሆናቸውን አውቅ ነበር። እስክሪብቶውም እጄም ግን የመንግሥት ናቸው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የስምንቱ ውጤት ከሃምሳው መስመር በጣም በላይ ወይም በጣም በታች ስለነበረ ሁለት ነጥብ ቢጨመርላቸውም ባይጨመርላቸውም የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ዘጠነኛዋ አርባ ስምንት አመጣች።

፪ኛ. ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለዚህች ስለ ዘጠነኛዋ ነው። አሳየሽ ቦልቴ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ሃያ ነው። ወላጆቿ ከሚኖሩበት ከሃላሌ መጥታ መናኸሪያው አጠገብ በተከራየችው አንዲት ክፍል ውስጥ ትኖራለች። ባለፈው ዓመት ተፈትና ሌላው ትምህርት ሁሉ ተሳክቶላት በሒሳብ ተጎትታ ቀረች። ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜና እሑድ በማጠናከሪያ ክፍሌ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ጥያቄ በሦስት መንገድ ካልሠራች የማታምን ልጅ ሆና አግኝቻታለሁ። ወላጆቿ ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ከተማ ማስተማር ስለማይችሉ፣ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ያቺ ክፍል የታናሽ እህቷ ናት። ይህ ስምምነት የሁሉም ነው፣ አሳየሽም ተገቢ ነው ብላ ተቀብላዋለች። ስለዚህ ለእሷ «ከርሞ» የሚባል ፈተና የለም፤ ያላት የእሑዱ ብቻ ነው።

ስሟንና ውጤቷን በአደባባይ መጻፌ ነውር ከመሰለዎት፣ ጠይቄአት ፈቅዳለች፤ ኮሚቴው የሁሉንም ስም ከነውጤቱ በሰሌዳ ላይ ከለጠፈ ወዲያ የሚደበቅ የለኝም ነው ያለችው።

ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት በዕረፍት ሰዓት መጥታ ወደ ሜዳው እንድወጣላት ለመነችኝ። ወጣሁ። ከሃላሌ ቦዬ የሚባል ሥራ ሥርና በቆሎ የሚመጣበትን ጆንያ የምታስርበትን ገመድ በሜትር በሜትር ቋጥራ፣ በሣሩ ላይ ችካል ተክላ፣ ሁለት ቦታ ከልላ ነበር፤ አንደኛው አሥር በአሥር፣ ሁለተኛው አሥራ ሁለት በስምንት። ውስጣቸውን በእርምጃ እየሸነሸነች ካሬዎቹን ቆጠረችልኝ። አንደኛው ላይ መቶ ደረሰች፣ ሁለተኛው ላይ ዘጠና ስድስት ላይ ቆመች። አልተከራከረችም፣ አላለቀሰችም፣ ነጥቤን መልስልኝም አላለችም። እንድቆጥረው ብቻ ነበር የፈለገችው። እኔ ግን በዚያ ሰዓት የማየው ገመዱን ሳይሆን የምክትል ርዕሰ መምህሩን መስኮት ነበር። መጋረጃው የተነቃነቀ ሲመስለኝ፣ ሣሩ ይበላሻልና ገመድሽን ሰብስቢ አልኳት። ሰበሰበች። ዝናብ መጣል ጀምሮ ስለነበር ችካሎቹን እኔ ነቀልኩላት፤ በዚያ ቀን ያደረግኩላት በጎ ነገር እሱ ብቻ ነው።

፫ኛ. ሦስተኛው ቅሬታዬ ያለፈውን ሐሙስ ስብሰባ ይመለከታል፤ ቅሬታ ከማለት አድናቆት ብለው ይቀለኛል። የስድስቱን ትምህርት ቤቶች የሒሳብ መምህራን፣ ቁጥራችን አሥራ አንድ፣ በአንድ አዳራሽ ሰብስበው ስለ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ «አንዳንድ የመንደር ወሬ» መስማትዎን ገለጹልን። ማህተም ያረፈበት የማረሚያ ወረቀት ቢታረም ነገ ሌላውም ይታረም የሚባልበት በር እንደሚከፈት አስረዱን። የትምህርት ቤቶች ደረጃ እንደወጣ፣ የምስክር ወረቀት እንደተሰጠ፣ ፎቶው በገጻችን ላይ ተለጥፎ ብዙ ሰው እንደወደደው አስታወሱን። በመጨረሻም እንባ በተናነቀው ድምፅ፣ መልሱ ቢቀየር በትክክል ሃምሳ ላይ ያሉ፣ ሲን ያጠቆሩ አሥራ አራት ልጆች ከመስመሩ በታች እንደሚወርዱ ነገሩን። ስለ አሥራ አራቱ ማዘንዎ ልቤን ነክቶታል፤ መልሱ ቢታረምም አሥራ አራቱ ካርዳቸውን ይዘው ቢገቡ ምን ይጎዳ ነበር ብዬ ያሰብኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ከዚያም ነገሩን ለድምፅ አቀረቡት። ክቡር ሆይ፣ በሙያዬ ብዙ ቲዎረም አስተምሬአለሁ፤ ሁሉም ማረጋገጫ የሚጠይቁ አስቸጋሪዎች ናቸው። ምልዓተ ጉባኤ ብቻ የሚበቃው ቲዎረም ያየሁት በእርስዎ አዳራሽ ነው። የማረሚያ ወረቀቱ ትክክል ነው የምትሉ ሲሉ፣ አሥራ አንድ የሒሳብ መምህራን፣ ሦስቱ ማስተርስ ያላቸው፣ አሥራ አንድ እጅ አወጣን። ቃለ ጉባኤውም «ከሰፊ ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ» ይላል። ሰፊው ውይይት የታሸገው ውሃ እስኪታደል ድረስ የቆየ ነበር።

የማን እጅ ቀድሞ እንደወጣ ቃለ ጉባኤው አይናገርም፤ ስለዚህ እኔ ልናገር። የእኔ ነበር። እርስዎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ነው ያወጣሁት። ማንም አላስገደደኝም፤ ወደ እኔም አላዩም ነበር። እጄ ብቻዋን ተነሳች፣ እኔ ከኋላ ተከተልኳት።

፬ኛ. አራተኛው ቅሬታ የተጻፈው በእርስዎ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ ነው፤ ነገር ግን ቅሬታ የሚቀርብበት ሌላ ቢሮ ስለማላውቅ እዚሁ አስገባዋለሁ።

ዓርብ ጠዋት ቅጾቹን የማስፈረሙ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። በትምህርት ቤታችን የሚፈርሙት ሃያ ሁለት ነበሩ። ሃያ አንዱ ሳያነቡ ፈረሙ። አሳየሽ ግን ወረቀቱን ይዛ መስኮቱ አጠገብ ሄደች፣ እንደ ፈተና ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ተመልሳ «በራሴ ፈቃድ» የሚለው ቃል ላይ ጣቷን አድርጋ፣ ይህ የማን ፈቃድ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው የምፀት አልነበረም። አፏን የፈታችው በወላይትኛ ነውና የቢሮ አማርኛ ያመለጣት መስሏት፣ ሌላ ትርጉም እንዳለው ልታጣራ ነበር የፈለገችው። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ የተለመደ የአጻጻፍ ሥርዓት ነው አልኳት። አመነችኝ። ሁለት ዓመት አስተምሬአታለሁና ለምን አታምነኝ? ስሟን በጥንቃቄ ጻፈች፣ ቀኑን ሞላች፣ ቀኑ ትክክል መሆኑን ከግድግዳው ካላንደር አመሳክራ ወረቀቱን ሰጠችኝ። አመሰግናለሁም አለች።

ክቡር ሆይ፣ ብዙ ነገር እፈራለሁ፤ እርስዎን እፈራለሁ፣ ዝውውር እፈራለሁ፣ ግምገማ እፈራለሁ፣ ይህን ደብዳቤ አንብቦ ነገ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አጠገቤ መቀመጥ የሚያቆመውን ባልደረባዬን እፈራለሁ። ያ «አመሰግናለሁ» ግን ከሁሉም በላይ አስፈራኝ። ባትሰድበኝ ምን ነበረበት እያልኩ ነው የማደረው።

፭ኛ. ቅዳሜ ዕለት አባቷ አቶ ቦልቴ በቆሎና ቦዬ ይዘውላት ከሃላሌ መጡ። ካርድ እንዳላገኘች ስትነግራቸው ጥፋቱ የሷ መስሏቸው፣ እኔን ይቅርታ ሊጠይቁ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ነገሩ እንዲያ አለመሆኑን ለማስረዳት ብዬ ስለ መሬቱ ነገርኳቸው፤ አሥር ሜትር በአሥር የሆነ ቦታ አሥራ ሁለት በስምንት ቢሆን ኮሚቴው ስፋቱ አይለወጥም ብሎ መወሰኑን። አቶ ቦልቴ የተማሩ ሰው አይደሉም፣ ቁጭ ብለው በጣታቸው መሬቱ ላይ ትንሽ ጫሩና ሳቁ። አራት ካሬ ሜትር ማለት አንድ የደረሰ እንሰት እንደ ልቡ የሚቆምበት ቦታ ነው፣ እኛ ሰፈር በግማሽ እርምጃ ድንበር ሽማግሌ ይቀመጣል አሉኝ። ቀጥለውም ከጎረቤታቸው ጋር ለሦስት ዓመት ያልተፈታ የድንበር ክርክር ስላለባቸው፣ ኮሚቴው ጊዜ ሲኖረው ሃላሌ ድረስ መጥቶ በዚያው ዘዴ የጎረቤታቸውን መሬት ብቻ ቢለካላቸው ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው እንዳደርስልዎ አደራ ብለውኛል። አደራቸውን አድርሻለሁ።

ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ተለወጠና፣ እንዲህ ከሆነ ልጄ ትክክል ነበረች ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። እኔስ ማወቄን ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ባዶውን ጆንያ አጣጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱና ወደ መናኸሪያው ሄዱ። እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

፮ኛ. ስድስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ የትምወርቅ ካነበበችው በኋላ የተኙትን ልጆቻችንን አየት ስላደረገች ሰርዤዋለሁ።

እንዲያውም እውነቱን ልንገርዎና፣ ይህ ደብዳቤ በመጀመሪያ የተጻፈው ያለ ስም ነበር። ከታች «አንድ ተቆርቋሪ መምህር» ብዬ ፈርሜ ለየትምወርቅ ሰጠኋት። ቤሌ በነበርኩባቸው ስድስት ዓመታት ብቻዋን የኖረችው እሷ ናትና ጎበዝ፣ ጥሩ አደረግክ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አንብባ ስትጨርስ ግን የልጅቷን ስም አራት ቦታ ጽፈህ የራስህን ልትደብቅ ነው ወይ ነው ያለችኝ። ስሜን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ እንደሚያዩትም ፊደሉ እንደ ሌላው ቀጥ ያለ አይደለም።

እንግዲህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ካርዶቹ የሚታደሉት እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ይዘጋል። የጠረጴዛዎ መሳቢያ ከበርዎ ሦስት እርምጃ እንደሚርቅ አይቻለሁ። የአሳየሽን ካርድ አውጥተው እንዲሰጧት፣ በእሷ ሰበብ አሥራ አራቱ እንዳይነኩ፣ ከተቻለም በሃምሳ መስመር ምክንያት ካርዳቸው የተያዘባቸው የቀሩት ሃያ አንድ ልጆችም እንዲፈተኑ፣ ቢወድቁም በራሳቸው ስህተት እንዲወድቁ እለምናለሁ። የማረሚያ ወረቀቱን ማረም የማህተሙን ክብር የሚነካ ከሆነ፣ እርስዎን ከማስቸገር ሌላ መንገድ አስቤአለሁ። ጉባኤውን እንደገና ይጥሩልን፤ ዘጠና ስድስትን መቶ ያደረገ ጉባኤ አርባ ስምንትን ሃምሳ ማድረግ አያቅተውም፤ እንዲያውም የዚህኛው ልዩነት ሁለት ብቻ ነው። እጄን እንደተለመደው ቀድሜ ለማውጣት ቃል እገባለሁ።

በመጨረሻም ከብዙ ሥራዎ መካከል ይህን ረጅም ደብዳቤ ለማንበብ ለሚያጠፉት ጊዜ፣ ሳያነቡት ወደ ሰው ኃይል ክፍል ለመምራት ለሚወስዱትም ፈጣን እርምጃ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ፈጣሪ ዕድሜዎን እንዲያረዝመው፣ ወርዱንም ሳይቀንስ እንዲሰጥዎ እየጸለይኩ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ ግን በመንፈስ ቆሜ፣ ባርኔጣ ባይኖረኝም አንስቼ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ታዛዥዎ፣ የማረሚያ ወረቀትዎ አስፈጻሚና በሙሉ ድምፅዎ ውስጥ የመጀመሪያው ድምፅ፣

ተክለጻድቅ ዳልጮ
የሒሳብ መምህር (ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ)

ግልባጭ፦
ድምፃቸውን አብረውኝ ለሰጡ አሥር የሒሳብ መምህራን፤ እንዲያነቡትና እንዳላነበቡት እንዲሆኑ።
ለአቶ ቦልቴ፤ በልጃቸው በኩል እንዲነበብላቸው።
ለትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ፤ ከውጤቱ ዝርዝር ጎን ቦታ ካለ።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦

ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤውን አሽጌ ልወጣ ስል አሳየሽ ደብተሯን ይዛ ቤቴ መጣች። ስለ ካርዱ ልትጠይቀኝ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ የመጣችው ግን ለዚያ አልነበረም። ሰባት ሙሉ ገጽ ሠርታለች። የስብሰባውን ውሳኔ ሰምታ፣ አሥራ አንድ መምህራን ከተስማሙ ስህተቱ የእኔ መሆን አለበት ብላ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስህተቷን ስትፈልግ ነው የከረመችው። በመጨረሻው ገጽ ላይ 12 × 8 = 100 ብላ ጽፋ፣ ሥሩን በማስመሪያ ሁለት ጊዜ አስምራበት፣ አሁን ገባኝ መሰለኝ፣ አርምልኝ ብላ ሰጠችኝ። ቀና ብላም፣ ካርዱ ምናልባት ከተገኘ በዋናው ፈተና ላይ የማጠቁረው የሠራሁትን ነው ወይስ ቢሮ ያለውን ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ከቤሌም ከእርስዎም ይልቅ ይህን ጥያቄ ፈራሁ። ከደረጃዬ በላይ ሆኖ ስላገኘሁትም ለክቡርነትዎ መርቼዋለሁ፤ ልጅቷ መልሱን በራችን ላይ ቆማ እየጠበቀች ነው።